ከጥርስ ሐኪሙ ፊት ለፊት

ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነው።

ሐኪሙ ራጁን መብራቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ አሳያት። ሁለቱ የአከርካሪ አጥንቶች ተያይዘዋል። ብሎኖቹ በቦታቸው ናቸው። ነርቧን ቀስፎ ይዞት የነበረው ዲስክ የለም። «እጄ ይባረክ የሚያሰኝ ሥራ ነው!» አለ፤ ራሱን ማመስገን የማያሳፍረው ሰው ነበር። እሷ ግን ይህን የምሥራች ልትሰማ ከበሩ እስከ ወንበሩ የደረሰችው በእናቷ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

ሙያዋ መስታወት መቁረጥ ነው። አባቷ ጥለውት ባለፉት ሱቅ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትሠራለች፤ እሱ ይለካል፣ እሷ ትቆርጣለች። መቁረጫውን አንድ ጊዜ ሽው ካደረገችው መስታወቱ ሳያንገራግር ለሁለት ይከፈላል። ሱቁ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ትልቅ መስታወት ለብቻ አይነሳም። እሷ ደግሞ አንድ አመል ነበራት፤ መቸኮል። ወንድሟ ሻዩን እስኪጨርስ መጠበቅ ሞት መስሏት፣ በር የሚያህለውን መስታወት ብቻዋን ብድግ አደረገችው። መስታወቱ አልተሰበረም። ወገቧ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግራ እግሯ የራሷ አልሆነም።

ቀዶ ጥገናው እግሯን መለሰላት። ወራት አለፉ፣ ቁስሉ ጠገገ፤ ወገቧ ግን ትናንት የተቀደደ ይመስል ይነድዳል። ቀን ሳሎን በተዘረጋላት ፍራሽ ላይ ትጋደማለች፣ ሌሊት ዓይኗ ሳይከደን ይነጋል። ማንኪያ ከእጇ ቢወድቅ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ቁልቁል ታየዋለች። እናቷ ሮጠው ያነሱላታል። ሰው ሁሉን ነገር ሲያደርጉለት መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይለምዳል፣ በመጨረሻ «እንግዲህ ኑሮዬ ይኸው ነው» ይላል። እሷ መጨረሻው ላይ ደርሳ ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚያመኝ?» አለችው ሐኪሙን፣ እናቷ መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

«የጠየቅኩዎት ስለ ወገቤ ነው።»

«እኔም የጠየቅኩሽ ስለ ወገብሽ ነው። ትተኛለሽ? ትበያለሽ? ልታጎነብሺ ስትይ ምን ይታሰብሻል?»

ልታጎነብስ ስትል ያ ድምፅ ይሰማታል። ቀጭ።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች» አለ ሐኪሙ። «እሷን ሳታዪ ወደ ሥራ ተመለሺ አልልሽም።»

«እብድ ነሽ እያሉኝ ነው?»

«አልዳንሽም እያልኩሽ ነው። የእኔ ድርሻ አልቋል፤ መዳኑ ግን አላለቀም።»

እናቷ ሲመለሱ «ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁ። እናቷ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ሲተርቱላት ኖረዋል፤ ግን ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት ነው። ጎረቤታቸው ልጁን አእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደው በተባለ ጊዜ፣ እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን የዘጉት ትዝ አላት።

«ጥርስሽን ታዪ አለኝ።»

«ጥርስ ከወገብ ምን አገናኘው?»

«ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከጥርስ ተነስቶ... ወደ አጥንት ይወርዳል አለኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ እናቷ። «እኔስ ድሮም ስኳር ታበዢያለሽ ብዬሻለሁ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጠባብ ኮሪደር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ትይዩ የሆኑ ሁለት በሮች አሉ። በግራ ጥርስ ሐኪሙ፣ በቀኝ ባለሙያዋ። የቀኙ በር ታካሚዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው ይቀመጣሉ። እሷም እንደዚያው አዙራ፣ የያዘችውን ትራስ ከወገቧ ኋላ አድርጋ ተቀመጠች።

አንድ ረጅም ሰው መጣ፤ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ጺሙን የተላጨ ግን ያልጨረሰ። ሲቀመጥ አየችው። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ላይ ተክሎ፣ በገመድ ከፎቅ እንደሚወርድ ቁም ሳጥን ቀስ... ቀስ... ብሎ ወረደ። እንዲህ የሚቀመጥ ሰው በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

«ጥርስ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ ጥርስ። አንቺስ?»

«ጥርስ።»

«የትኛው?»

«መንጋጋዬ። የአንተስ?»

«የእኔ እንኳን... ብዙ ናቸው።»

«አሃ። አንተ ጥርስህን ሲያምህ ነው ወገብህን እንዲህ ቀጥ የምታደርገው?»

አንገቱን ሳይሆን መላ አካሉን አዙሮ አያት። «አንቺስ መንጋጋ ልታስነቅዪ ነው ትራስ ይዘሽ የመጣሽው?»

የግራው በር ተከፈተ። «ቀጣዩ የጥርስ ታካሚ!» አለች ነርሷ።

ሁለቱም ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«ማነው ተራው? ጥርስ የሚታከም የለም?»

«እሱ ነው» አለች እሷ በጣቷ እየጠቆመች። «ብዙ ናቸው።»

ሰውዬው አፈጠጠባት። ውሸቱን እዚያው ሊውጠው ይችል ነበር፤ ግን ወንድ ልጅ ኩራቱን ከሚያጣ ጥርሱን ቢያጣ ይመርጣል። ተነስቶ ገባ። ወዲያው የመሰርሰሪያው ድምፅ ተሰማ።

እሷ በቀኙ በር ገባች። እብድ የሚታሰርበት ክፍል ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ሁለት ወንበር፣ አንድ የደረቀ አበባና የሹራቧ ክርን የተበሳ ሴትዮ ነው። «አያመኝም ብለሽ እንድትወጪ አይደለም የምፈልገው» አለቻት ሴትዮዋ። «ሕመምሽ የእውነት ነው። ግን ያልተኛ፣ የፈራና ያዘነ ሰው ሕመሙ ቶሎ አይለቀውም። ፈርተሽ አትንቀሳቀሺም፤ ስላልተንቀሳቀስሽ ወገብሽ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያምሻል፤ ሲያምሽ ትፈሪያለሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሥራው ግን ያንቺ ነው።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ያልጠበቀችው ለቅሶ ቀደማት። በጣም ተናደደች።

ስትወጣ ሰውዬው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ አብጧል፣ አፉ ጥጥ ጎርሷል።

«ነቀሉህ?!»

«ነ'ሉኝ» አለ በደነዘዘ ከንፈር። «የ'ውነትም የተበላሸ ነበር።»

ሳቀች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አልሳቀችም ነበር፤ ሳቁ ወገቧን ቢያሳምማትም ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እሱ የወጣችበትን በር አየና ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ያንቺ መንጋጋ በዚያ በር ነው የሚነቀለው?»

«አዎ። ሥሩ ረጅም ነው።»

እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ ጥጡ ወደቀ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ያለውን ጥጥ አዩት። አንዳቸውም ለማንሳት አልሞከሩም።

«የእኔም ቀጠሮ እዚያ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አለፈኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አልተጠያየቁም። እሱ «መንጋጋ» አላት፣ እሷ «ጥርሱ» አለችው። ቀጠሯቸውን አንድ ቀን አደረጉ፤ ከቀጠሮ በኋላ የሆስፒታሉን ግቢ አብረው ይዞሩ ነበር፤ መጀመሪያ እስከ ጥበቃው ቤት፣ ቀጥሎ እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ኋላ ደግሞ ዙሪያውን። ነርሶቹ «እነዚህ ባለ ዱላዎች መጡ» ይሏቸዋል፤ ዱላ አልያዙም፣ የዋጡ ግን ይመስላሉ።

ሾፌር ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ነጂ። ቀዶ ጥገናውን የሠራለት ያው እጁን የሚባርከው ሐኪም ነው። ንዳ ብሎታል። እሱ ግን አይነዳም።

«ወንበሩ ላይ ስወጣ መሪው ይጠብበኛል» አላት። «ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ወገቤ ብረት ይሆናል። ሞተሩን ሳላስነሳ እወርዳለሁ።»

«ለመሥሪያ ቤትህ ምን አልካቸው?»

«ቁስሉ ገና ነው አልኩ። በር ላይ ቁሜ ትኬት አያለሁ።»

«እውነቱን ለምን አትነግራቸውም?»

«አብደሻል እንዴ?» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እሷም ነገረችው። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ፍራሹ፣ ወንድሟ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ሲያልፍ እንዴት ዓይኑን እንደሚሰብር። «ያንን ጠረጴዛ ካጣሁ ማን እንደምሆን አላውቅም» አለችው። ይህንን ለማንም ብላ አታውቅም።

«አጎንብሰሽ ከመሬት ማንኪያ እስክታነሺ ድረስ ብቻ ነው» አለ። «ከዚያ ጠረጴዛሽ ይከተላል።»

ባለሙያዋ የሰጠቻት ሥራ ነበር፤ በየቀኑ አጎንብሶ አንድ ነገር ማንሳት። ቤት ውስጥ እናቷ ስለሚቀድሟት አልቻለችም። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ እሱ የቤቱን ቁልፍ ሆን ብሎ ጣለ።

«ወደቀብህ።»

«አውቃለሁ። አንሺው።»

«አንተ አንሳው!»

«እኔማ ጥርሴን ነው የሚያመኝ።»

ሰደበችው። ከዚያ ጉልበቷን አጠፈች፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ወረደች። ያንን ድምፅ ጠበቀች... አልመጣም። ሕመሙ መጣ፤ ድምፁ ግን አልመጣም። ቁልፉን ይዛ ተነሳች፣ ጉንጯ ርሷል።

«አለቀስሽ?»

«ፀሐይዋ ነች።»

«ደመና ነው እኮ።»

«ዝም በል።»

ቁልፉን ከነእጇ ያዘው። ቁልፉን ወስዶ እጇን መልሶ ሊሰጣት ይችል ነበር፤ አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ዙሩን እንደዚያው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ቀስ እያለ መጣላት። ፍራሹን ከሳሎን አስነሳችው። አንድ ቀትር ላይ ወንድሟ ምሳ ሲሄድ ወደ ሱቁ ገባች፤ ከቁርጥራጮቹ አንዱን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ መቁረጫውን ሽው አደረገችው። ተከፈለ። ጥርት ያለ ጠርዝ! ለእናቷ አልነገረችም፣ ለወንድሟም አልነገረችም። ለማን እንደምትነግር ታውቃለች።

በማግስቱ ያለ ማንም ድጋፍ ብቻዋን እስከ መናኸሪያው በእግሯ ሄደች። ከአውቶቡሶቹ ኋላ ዞራ ልታስደነግጠው አሰበች። ከስምሪት ኃላፊውና ከሁለት ሾፌሮች ጋር ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቷታል።

«አንተ፣ ያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታይተሃል አሉ» ይላል አንዱ ሾፌር። «እዚያ እኮ የነካቸው ናቸው የሚወጡት!»

«ኧረ ተዉኝ!» አለ እየሳቀ። «እኔ ጥርሴን ነው። ከፊት ለፊት ግን ትርኢት አለ፤ የሚገባ የሚወጣውን እያየሁ ሕመሜን እረሳለሁ።»

ሳቁ።

«አብራህ የምትዞረዋ ልጅስ?»

«እሷ? እሷ... የዚያኛው በር ናት። ታሳዝነኛለች።»

ከአውቶቡሱ ኋላ ወጣች።

«ቀጥል እንጂ» አለች ከኋላው። «ለምን ቆምክ? ትርኢቱ መጥቷል።»

መላ አካሉን አዙሮ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ። «መንጋጋ...»

«ስሜ አይደለም።»

«ቆይ ላስረዳሽ፤ እነሱ ቢያውቁ መሪ አያስይዙኝም...»

«አሁንስ ይዘሃል?»

ዞራ ሄደች። አልሮጠችም፤ ወገብ የተሠራ ሰው አይሮጥም። ግን ያን ያህል ቀጥ ብላ ተራምዳ አታውቅም። ሰፈሯ መግቢያ ላይ ወገቧ ጨምድዶ ያዛት፤ የሰው አጥር ደግፋ ቆመች፤ እናቷ መጥተው ወሰዷት።

ፍራሹ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

«አላልኩሽም?» አሉ እናቷ፣ ብርድ ልብሱን እየከደኑላት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው እጃቸው ላይ ስትሆን ግን ልባቸው ያርፋል። «ቁጭ ብለሽ ብትኖሪ ምን ይጎድልሻል? እኔ አለሁልሽ።»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን እያየ ተናገረ። «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቆራጭ አስገባለሁ። ጠረጴዛሽን... እስከዚያው...»

«እስከ መቼ?»



ሐኪሙ አዲስ ራጅ አስነሳት። «ከባለፈውም ጠንክሯል» አለ ግራ ተጋብቶ። «ምንም የተነካ ነገር የለም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ተናደድኩ።»

«እሱ በራጅ አይታይም» አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ባለሙያዋ ገና ወንበሯን ሳታስተካክል እሷ ጀመረችላት። «ካደኝ! አብሮኝ ሲስቅ ከርሞ ሰው ፊት አፈረብኝ። ደካማ! ፈሪ! ወንድ ነኝ ይላል! ይሄ ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር ነው? ሰው እግሩ ሲሰበር ያፍራል?»

ባለሙያዋ ሰማቻት፣ ሰማቻት፣ ከዚያ «ቤትሽ አሁን የት እንዳለሽ ያውቃሉ?» አለች።

«...ጥርስ ሐኪም ቤት።»

ባለሙያዋ ምንም አልጨመረችም። አንዳንድ ሰው በዝምታ በጥፊ መምታት ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እናቷ ከፈቱ። ሾፌሩ ነው፤ «መስታወት ቆራጯን» እያለ ሰፈሩን አጠያይቆ ነው የመጣው፤ ጺሙን ዛሬ እስከ መጨረሻው ተላጭቷል።

«ግባ ልጄ። እዚህ ሶፋ ላይ...»

«ይቅርታ እማማ፣ ዝቅ ያለ ወንበር አልችልም» አለና ጠንካራው ወንበር ላይ በዚያው በሚታወቅ አወራረዱ ወረደ።

«አንተም ወገብህን ነው?» አሉ እናቷ።

«አዎ።»

እሷ ፍራሹ ላይ ናት፤ ለምሳ የመጣው ወንድሟም ገና አልሄደም። ትራሷን አስተካክላ ቀና አለች። «ምን ልትሆን መጣህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

«ጥሩ። ጠይቅ።»

«አጠፋሁ። ፈርቼ ነው፤ መፍራቴ ግን ምክንያት አይሆንም። ዛሬ ጠዋት ለስምሪት ኃላፊው ነገርኩት። ያ ሁሉ ሾፌር በተሰበሰበበት።»

«ምን ብለህ?»

እናቷንና ወንድሟን በዓይኑ ገረፍ አደረጋቸው። «የራሴን ብቻ» አለ።

ወንድሟ ወንበሩን ሳበና ከፊቱ ተቀመጠ። «ቆይ እስቲ፣ የምን ሚስጥር ነው? ከእህቴ ጋር የት ነው የምትተዋወቁት?»

ሾፌሩ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ጥርስ ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እውነቱንም ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ዞሮ እሷን አያት። ገባት። ይህኛው የእሷ ሸክም ነው፤ እሱ ሊሸከምላት አልመጣም።

«ሦስተኛ ፎቅ» አለች። «የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ። ጥርሴን አሞኝ አያውቅም፣ እማዬ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ እሷ ነው የምሄደው።»



«ቀስ በይ!» አሉ እናቷ በሹክሹክታ፣ መስኮቱን እያዩ። «ጎረቤት ይሰማል!»

«ይሰማ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ እኮ ነው የምልሽ!»

ከፍራሹ ላይ ወደ ጎኗ ተንከባለለች፣ እግሮቿን አወረደች፣ በእጆቿ ገፍታ ተነሳች። እናቷ ሊይዟት ሮጡ፤ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው። ወደ መስኮቱ ሄዳ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው!» አለች ወደ መንገዱ። «እየተሻለኝ ነው!»

ሜዳው ላይ ኳስ የሚራገጡት ቆመው አዩ። የላይ ቤቷ ሴትዮ ልብስ ማስጣቱን ተወች።

«ጉድ ሆንኩ!» አሉ እናቷ ሶፋው ላይ ወድቀው። «ማን ያገባታል አሁን ይቺን ልጅ?»

«እኔ» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ራሱም የደነገጠ መሰለ።

«አንተም እዚያ ነህ?» አሉ እናቷ።

«እኔም እዚያ ነኝ፣ እማማ።»

«ሁለት በሽተኛ ተጋብቶ ማን ማንን ሊያነሳ ነው?»

«ማንም ማንንም አያነሳም» አለች ልጃቸው። «ሐኪሙ ከልክሎናል።»

ወንድሟ ሳቁ አመለጠው። ቶሎ ዋጠው፤ ግን አምልጦታል።

«ኃላፊው ምን አለህ?» አለችው ሾፌሩን፣ መስኮቱን እንደከፈተች።

«ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ባዶ አውቶቡስ ሰጠኝና ግቢውን ዙር አለኝ። ላብ በላብ ሆኜ ዞርኩ። ሰው ለመጫን ገና ነህ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ነገም እዞራለሁ።»

«ጥሩ» አለች። ጉንጯ ውስጥ ፈገግታ ያዘች። «እኔ ቆረጥኩ።»

«ምን?»

«መስታወት። በአንድ ጊዜ ሽው። ያን ቀን መናኸሪያ የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነበር።»

ዓይኑ ሞላ። «መንጋጋ...»

«ፀሐይዋ ነች አትበለኝ ብቻ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ደግሞ ስማኝ። ጠረጴዛዬን ለማንም አትስጥ። ሰኞ እገባለሁ። ትልቅ መስታወት አላነሳም፤ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው፣ በየሰዓቱ ተነስቼ እዞራለሁ። አዲሱ ልጅ ያንሳ፤ እኔ እቆርጣለሁ።»

«ቢያምሽስ?»

«ያመኛል። ይታወቃል።»

«ብትወድቂስ?»

«ያኔ ትደርስልኛለህ። ሳልሞት ግን አትቅበረኝ።»

ወንድሟ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየ። ፈሪ ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም፤ ያን ቀን ሻዩን ቀስ ብሎ ስለጠጣ የሆነ መስሎት ከዚያ ወዲህ ሻይ አልጠጣም። «ሰኞ ስንት ሰዓት?» አለ በመጨረሻ።

«በሁለት ሰዓት። ሻይህን ጠጥተህ ና። እጠብቅሃለሁ።»

ከዚያ ሾፌሩን ተመለከተችው። «መጀመሪያ ሥራዬ። ከዚያ ቤት እንፈልጋለን፣ ደረጃ የሌለው። ከዚያ አገባሃለሁ።»

«ጠየቅኩሽ እንዴ?»

«ልትጠይቀኝ ነበር። ቶሎ አትልም።»

«እወድሻለሁ» አለ።

«አሁን? እማዬ ፊት?»

«ያን ቀን ሰው ፊት ነው የካድኩሽ።»

ጉንጩን፣ ያ ጥርስ የተነቀለበትን በኩል፣ በመዳፏ ነካ አደረገችና «እኔም» አለች። «ውጭ ጠብቀኝ። እንዞራለን።»

ወጣ። ወንድሟም ወደ ሱቁ ሄደ። እናቷ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እያለቀሱ ነው። ከጎናቸው ጠንካራውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሞተሽብኝ ነበር እኮ» አሉ እናቷ። «የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰዓቱ ሲሄድ ሲሄድ... ሞተሽብኝ ነበር። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ። እንዴት ብዬ ልልቀቅሽ?»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። ባታነሺኝ ኖሮ አልነሳም ነበር። አሁን ግን ስታነሺኝ መልሰሽ ታስተኚኛለሽ።»

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«የሆነውን።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ወደ እኔ ላኪያቸው። እኔ እችላለሁ።»

ጫማዋን ሳበች። ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ማሰሪያውን አሰረች። ጊዜ ወሰደባት። የእናቷ እጆች ሁለት ጊዜ ብድግ አሉ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ሁለተኛው ጫማ ላይ ስትደርስ እናቷ እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አስገቡና ተቀመጡባቸው።

ይህንን አየች። ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

ወገቧ እያመማት ነበር። ሰኞም ያማታል፤ ምናልባት የሚቀጥለው ሳምንትም። ፊቷ ላይ ግን ለማንም ይቅርታ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም።

«በሩን ክፍት ተዪው» አሉ እናቷ፣ «ቶሎ ደክሞሽ ብትመለሺ...»

«ሳንኳኳ ትከፍቺልኛለሽ» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።